«ምንም አይጎድለውም» ያሉኝ ተከራይ

ስጡኝ የሚል ሰው አስፈርቶኝ አያውቅም። ተበዳሪ አያስፈራኝም፣ ሠርግ በመጣ ቁጥር ድስቴንና ምንጣፌን ልዋስ የምትለው ጎረቤቴም አታስፈራኝም። የፈለጉትን አውቀዋለሁና። የሚያስፈራኝ ሲሰጡት «ምንም አይጎድለኝም» የሚል ሰው ነው። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው ቤታችሁ መጥቶ «ምሳ ብላ» ስትሉት «ጠግቤያለሁ»፣ «እሺ ውሃ ጠጣ» ስትሉት «አልጠማኝም»፣ «በል እንግዲያው ቁጭ በል» ስትሉት «መቆም ይሻለኛል» ቢላችሁ ኪሳችሁን አትዳብሱም? እኔ እዳብሳለሁ። አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉት ለጨዋታ ማሳመሪያ አይምሰላችሁ። ተመንጥረው ነው።

እኔ ከሚሴ ውስጥ አማርኛ የማስተምር መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ጠዋት እናታቸውን በኦሮምኛ ተሰናብተው፣ መንገድ ላይ በሁለቱም ቋንቋ ተሰዳድበው፣ ክፍል ሲደርሱ በአማርኛ የሚያዛጉ ናቸው። ባለቤቴ ከማል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከሳምንቱ አብዛኛውን የሚያሳልፈው በመንገድ ነው። ከደመወዛችን ሌላ ያለን ሀብት አክስቴ ሲሞቱ ያወረሱኝ አንድ ቤት ነው። ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ከገበያው ጀርባ የሚገኝ ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት። ቤቱን ያከራየሁት ጋሽ ሙሄ ለሚባሉ ልብስ ሰፊ ነው። ጋሽ ሙሄ ገበያው ዳር፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይሠራሉ፤ ከሚስታቸው ከዘሃራና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ።

ስለ ጋሽ ሙሄ ክፉ የሚናገር ሰው አላጋጠመኝም። ይህም ራሱ ያሳስባል። ኪራዩን ወር ሳይሞላ ቤቴ ድረስ ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ እኔ ልቀበል የምሄድበትን እግር ያሳርፉልኛል። አንዳንዴ ለሰላምታ ብቅ ካልኩ ደግሞ ዘሃራ ገና ከግቢው በር ስታየኝ በርጩማ ይዛ ትወጣና ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ታስቀምጠኛለች። «ውስጥ ይሞቃል፣ እትዬ» ትላለች። ከሚሴ እንደሚሞቅ አውቃለሁ፤ ተወልጄባታለሁ። ግን ለዓመታት አንድም ቀን እንኳ አይበርድም? በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ አለ። መጋረጃው ሲገለጥ አይቼ አላውቅም። እነሱም የሚወጡትና የሚገቡት በጎን እየሾለኩ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ እቁብ ደረሰኝ። ገንዘቡ ለአንድ ነገር የሚበቃ፣ ለሁለት ነገር የሚያሳፍር ዓይነት ነበር። የአክስቴን ቤት ላድሰው ብዬ ቆረጥኩ። ችግሩ ከየት እንደሚጀመር ነው። ጣራው ዝጓል። የጓሮው ግድግዳ፣ ሰው ወደ ገበያ በሚያቋርጥበት መተላለፊያ በኩል ያለው፣ እንደ እርጉዝ ሆዱን ገፍቷል። የሽንት ቤቱ በር የሚዘጋው በገመድ ነው። የግቢው በር ደግሞ ከቁርጥራጭ ቆርቆሮና ከተስፋ የተሠራ ነው። ያረጀ ቤት ያለው ሰው ያውቀዋል፤ አንዱን ልትጠግን ስትነሳ የቀሩት ሁሉ «እኔስ?» እያሉ ያፈጡብሃል።

መጀመሪያ ያማከርኩት ደላላውን ዳውድን ነበር። ዳውድን ማማከሬ ሳይሆን ዳውድ ሳላማክረው መምከሩ ነው እንጂ። እቁብ እንደ ደረሰኝ ከእኔ ቀድሞ ሳይሰማ አልቀረም።

«እትዬ መርየም፣ ሰው ቤት የሚከራየው በዓይኑ ነው» አለኝ። «ጥሩ የብረት በር ያስገጥሙ፣ ፊት ለፊቱን ቀለም ያስቀቡት። የቀረውን ለኔ ይተዉት። ከተማችን የዞን መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ስንቱ ባለ ደመወዝ ቤት አጥቶ ይንከራተታል! መሐንዲስ አስገባልዎታለሁ።»

«ቤቱ ውስጥ እኮ ሰው አለ» አልኩት።

«ሰው ይወጣል፣ እትዬ። የማይወጣው ቤት ነው።»

ከማልን ጠየቅኩት። መኪናውን እያሞቀ ነበር። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለኝ። «የጓሮውን ግድግዳ ከሥሩ አስመርምሪው። ምስጥ የሚገዛው አገር ላይ ነው የምንኖረው። ቋሚው ተበልቶ ይሆናል።» ይህን ብሎ ወደ ሎግያ ነዳው። ባሎች ትክክለኛውን ነገር ተናግረው መሄድ ይወዳሉ።

በመጨረሻ ነዋሪዎቹን ራሳቸውን ለመጠየቅ ሄድኩ። ከኒሙ ሥር ተቀመጥኩ። ጋሽ ሙሄም በአጋጣሚ እቤት ነበሩ። «አካም ጅርታኒ፣ እትዬ?» አሉኝ፤ «ፈያ፣ ነጋ» አልኳቸው፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከማል መንገድ፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት ተጠያየቅን። ከዚያ የምሥራቹን አበሰርኳቸው። እቁብ ደርሶኛል፤ ቤቱን ላድስ ነው፤ ከየት ልጀምር?

ፊታቸው የምሥራች የሰማ ሰው ፊት አልነበረም።

«ኧረ እትዬ፣ ምንም አይጎድለውም» አሉ።

«ጣራውስ? አያፈስም?»

«ጠብ አይልም፤ አልሐምዱሊላህ።»

«ሽንት ቤቱስ?»

«ሰላም ነው።»

«በሩ በገመድ ነው እኮ የታሰረው፣ ጋሽ ሙሄ!»

«ገመዱ ጠንካራ ነው።»

ይህን ጊዜ ዘሃራ ከኋላቸው «እትዬ፣ እንዲያው የጓሮው ግድ...» ብላ ስትጀምር ጋሽ ሙሄ ሳሉ። የጉንፋን ሳል አልነበረም። አፍ የሚያስይዝ ሳል ነው፤ ባለትዳር የሆነ ያውቀዋል። ዘሃራም አፏን ይዛ መሬት መሬት አየች። «ገንዘብዎን ለልጆችዎ ያውሉት» ብለው ጋሽ ሙሄ እስከ በሩ ሸኙኝ። እንዲያውም ከሸኙኝ ይልቅ አስወጡኝ ብል ይሻላል።

እንግዲህ ፍረዱኝ። በዚህች ምድር ላይ አከራዩ «ላድስልህ» ሲለው «ተወው» የሚል ተከራይ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የማውቃቸው ተከራዮች አምፖል ሲቃጠል ሽማግሌ የሚልኩ ናቸው።

ያን ሰሞን ዳውድ ደግሞ አንድ ወሬ ይዞልኝ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግራና ቀኙን አይቶ፣ ጋሽ ሙሄ ሲሚንቶ ሲያስገቡ መታየታቸውን ነገረኝ። ሲሚንቶ ብቻ አይደለም። በአህያ ጋሪ አሸዋም ገብቷል። ጎረቤቶችም የመቆፈር ድምፅ ሰምተዋል። «ልብስ ሰፊ በሲሚንቶ ምን ይሰፋል፣ እትዬ?» አለና ትከሻውን ሰብቆ ሄደ።

እዚህ ላይ ስለ አክስቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አክስቴ በጉብዝናቸው ዘመን ባቲ ገበያ እየወረዱ ቅቤና አሞሌ ጨው የነገዱ ሴት ነበሩ። ያ ዘመን የማርትሬዛ ብር ዘመን ነው። በዘመዶቻችን ዘንድ «ማርትሬዛዋን በገንቦ ቀብራለች» የሚል ወሬ ነበር። እኔ አምኜው አላውቅም ነበር። ሲሚንቶው እስኪገባ ድረስ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለኝም። ጋሽ ሙሄ ወለሉን ሲቆፍሩ፣ ገንቦው ሲወጣ፣ ጉድጓዱ በሲሚንቶ ሲደፈን በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት። መጋረጃው ገባኝ። በርጩማው ገባኝ። «ምንም አይጎድለውም» ማለትማ ከሁሉም በላይ ገባኝ። የአክስቴን ገንቦ ያገኘ ሰው ምን ይጎድለዋል? ገበያ ስወርድ ሆን ብዬ በበረንዳቸው በኩል አልፋለሁ፤ አዲስ ሰዓት፣ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ጥርስ እፈልጋለሁ። ያው አሮጌ ሸሚዝ፣ ያው አንገታቸው ላይ የተጠመጠመ ሜትር። እንዴት ያለ ጮሌ ሰው ነው፣ አልኩ በልቤ፤ ያገኘውን አያሳይም!

እናም ያችን አንድ ነገር ብቻ የምትችለውን ገንዘቤን ምን ላይ እንደማውላት ወሰንኩ። ጣራው ላይ አይደለም፣ ግድግዳው ላይም አይደለም። ወለሉ ላይ። ወለሉን አስቆፍሬ አዲስ አስደርጋለሁ፤ ሲቆፈርም አጠገቡ እቆማለሁ። ጥርጣሬ አንዴ መሐንዲስ ከሆነ ፕላኑን የሚያነሳው እንዲህ ነው።

ውሳኔዬን ለጋሽ ሙሄ ስነግራቸው መቀሱ ከእጃቸው ወደቀ።

«ወለሉን?» አሉ።

«ወለሉን። ነቅዬ ነው አዲስ የማስደርገው።»

«ወለሉ ደግሞ ምን በደለ፣ እትዬ?»

«እስካየው አላውቅም» አልኳቸው ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ።

«ክረምቱ ይለፍ» ብለው ለመኑኝ። «ወላሂ፣ ክረምቱን ብቻ ይታገሡን።» ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። እኔም ወደ ቤቴ እየሄድኩ ራሴን አደነቅሁ። ያዝኩት፣ አልኩ። ግንበኛም በበነጋው ቀጠርኩ።

ግንበኛው ከመምጣቱ በፊት ዝናቡ መጣ። የዘገየ ዝናብ ይቅርታ የሚጠይቀው በብዛት ነው። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ ከረፋዱ ጀምሮ ከተራራው በኩል ጥቁር ደመና ወርዶ ከሚሴን በባልዲ ደፋባት። ጎርፉ ቦዩን ሞልቶ በመተላለፊያው ተንዶለዶለ። እኔ ቤቴ ሆኜ ከሰል ሳስገባ አንድ የባጃጅ ሹፌር ደጄ ላይ ቆመና «እትዬ መርየም! የአክስትዎ ቤት ወደቀ!» ብሎ ጮኸ።

ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ማርትሬዛ ትዝ አላለኝም። ይህን እመኑኝ። ትዝ ያለኝ በሳል የተቋረጠው የዘሃራ ቃል ነበር። «የጓሮው ግድ...» ብላ ነበር እኮ። ግድግዳ ልትል ነበር እኮ። ልጆቹስ የት ነው የሚቀመጡት? በየትኛው በኩል ነው የሚተኙት? ቤቱን አከራይቼ ስኖር ይህን ጠይቄ አለማወቄ የገባኝ ያኔ ነው። ሹፌሩ በጎርፉ መሃል ሲነዳ እኔ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ እየደባለቅሁ እቀራ ነበር።

ስደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። መተላለፊያው በሰው ተሞልቷል። ሰውን እየገፋሁ ገባሁ። የጓሮው ግድግዳ እንዳለ ወደ ውጭ ተዘርሯል፤ ቋሚዎቹ ከሥራቸው በምስጥ ተበልተው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈርፍረዋል። ዝናቡን ሸሽቶ ሰው ሁሉ ሱቅ በረንዳ ሥር ስለነበር ግድግዳው በማንም ላይ አልወደቀም። ዘሃራና ልጆቹም ደህና ናቸው። ዘሃራ ትንሿን ልጅ አቅፋ በሌላኛው ጥግ ቆማለች። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ደግሜ ደጋግሜ።

ሰዉ ግን የወደቀውን ግድግዳ አልነበረም የሚያየው። ቀና ብዬ ሰው የሚያየውን አየሁ።

ቤቱ ውስጥ ሌላ ቤት ነበር። የቀሩት ግድግዳዎች ተለስነው የሰማይ ቀለም ተቀብተዋል። ወለሉ ፊት የሚያሳይ የሲሚንቶ ሊሾ ነው። ዙሪያውን ሽንሽን ሽፋን የለበሱ መጅሊሶች ተደርድረዋል። ከሁሉም በላይ ኮርኒሱ! ጋሽ ሙሄ ከነጭ አቡጀዴ ሰፍተውት፣ መሃሉን እንደ ጽጌረዳ ሸንሽነው፣ ዳር ዳሩን በአረንጓዴ ጥለት ከፍፈውታል። ግድግዳው ሲወድቅ በአንድ በኩል ተለቆ እንደ ሙሽራ ቬሎ በነፋስ ይወዛወዛል። ከውጭ ግን ያው ቤት፤ ያው የተሰነጠቀ ጭቃ፣ ያው የዛገ ቆርቆሮ፣ ያው ገመድ። ከገበያተኛው መሃል አንዲት አሮጊት «ያ ረቢ! ማና በረዳ!» አሉ። ቤቱ እንዴት ያምራል ማለታቸው ነው። ከዚያ ሁሉም በየቋንቋው አደነቀ። ዘሃራ ግን ሰው ራቁቷን ያያት ይመስል ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ ታለቅስ ነበር።

ጆሮዬ ሥር ትንፋሽ ተሰማኝ። ዳውድ ነው። «እትዬ፣ ይሄ ቤት እኮ በዚህ ኪራይ ግፍ ነው» አለኝ። ጭቃው ገና አልደረቀም።

ጋሽ ሙሄ ከበረንዳቸው እየሮጡ ደረሱ፤ ሜትሩ አንገታቸው ላይ ነው። ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን በዓይናቸው ቆጠሩ፣ ደረታቸውን ያዙ፣ ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። ከዚያ ዞር ብለው ያዩት የወደቀውን ግድግዳ አይደለም። የኔን ፊት ነው። ሐኪም ምን ሊነግረው እንደሆነ የሚጠብቅ በሽተኛ ሲያይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነበር ያዩኝ።

ሰዉን በትነን ከኒሙ ሥር ተቀመጥን። «ይህን ሁሉ እርስዎ ነዎት የሠሩት?» አልኳቸው።

«ቀስ በቀስ» አሉ። «ወለሉን ቆፍሬ ሊሾ ያደረግኩትም፣ ጣራውን ከውስጥ የደፈንኩትም እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ደበቁኝ? ምርቃት እንጂ እርግማን አይወጣኝ ነበር እኮ!»

ጋሽ ሙሄ መሬቱን በጣታቸው ጫሩ። የመለሰችልኝ ዘሃራ ናት። «እትዬ፣ ከዚህ በፊት የተከራየነውን ቤት አሳመርነው። ቀለም ቀባነው፣ አትክልት ተከልንበት። ባለቤቱ መጥቶ አየና «ማሻአላህ፣ ቤቴ እንዲህ ያምራል ለካ» አለ። በወሩ ኪራዩን ሰቀለው። ስላልቻልነው ወጣን። ከዚያም በፊት የነበረው እንደዚሁ ነው። ሙሄ ከዚያ ወዲህ ቤት የሚያሳምረው ከውስጥ ብቻ ነው። እርስዎም እቁብ ደረሰኝ፣ ላድስ ነው ሲሉን...» እንባዋ አቋረጣት።

«ሊያስወጡን ነው ብለን ነው» አሉ ጋሽ ሙሄ። «አከራይ ቀለም ከገዛ ተከራይ ጓዙን ይጠቅልል ይባላል።»

«ግድግዳው ሆዱን እንደገፋስ ታውቁ ነበር?»

ያውቁ ነበር። ከውስጥ ደግፈውት፣ ስንጥቁን በልስን ደፍነውት፣ ልጆቹን ከዚያ በኩል አርቀው ያስተኟቸው ነበር። ሊወድቅ ከሚችል ግድግዳ ይልቅ እኔን ፈርተዋል። እኔኮ ጨካኝ ሴት አይደለሁም፤ ተማሪ እንኳ መትቼ አላውቅም። ግን እነሱ ከየት ያውቃሉ? «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ሲባል ነው ያደጉት፤ እኔም እንደዚያው። እነሱ ውበት ደበቁኝ፣ እኔ ገንቦ ጠረጠርኳቸው። ስለ ገንቦው ግን አልነገርኳቸውም። ሰው ሁሉን ነገር አይናገርም።

ገንዘቡ የጓሮው ግድግዳ ላይ ዋለ። መሠረቱ በድንጋይ ተገነባ፣ ቋሚዎቹ ተቀየሩ፣ ጎርፉም ሌላ ቦይ ተቀደደለት። እዚያ ላይ ገንዘቡ አለቀ። የብረት በር የለም፣ ቀለም የለም፤ ዳውድም እስኪረሳው ተኮሳትሮብኝ ከረመ። መሠረቱ ሲቆፈር እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። እንዲያው ሥራውን ለመቆጣጠር ነው። ከምስጥና ከድንጋይ በቀር የወጣ ነገር የለም። ጋሽ ሙሄም ኮርኒሳቸውን መልሰው ሰቀሉ። ኪራዩን አልጨምርም አልኳቸው፤ በኔ ቤት ነገሩ በዚሁ ተፈጸመ።

አልተፈጸመም። ወር አልፎ ወር ሲተካ ጋሽ ሙሄ እየከሱ ሄዱ። ሳገኛቸው ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ዘሃራ ዕቃ መቋጠር ጀምራለች የሚል ወሬም ደረሰኝ። በመጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ቤቴ መጡ፤ ከማልም ነበር። አልቀመጥ ብለው ቆሙ።

«እትዬ» አሉ ጋሽ ሙሄ፣ «እባክዎ እውነቱን ይንገሩን። ቤቱን ሊሸጡት ነው?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ለዘመድ ሊሰጡት ነው?»

«ለየትኛው ዘመድ?»

«ታዲያ ለምን አልጨመሩብንም?» አሉኝ። «ቤቱን አይተውታል። ግድግዳም ሠርተውበታል። ያሰቡብን ነገር ከሌለ እንዴት ዝም ይላሉ? እኛ እንዲህ ልንኖር አልቻልንም። ትንሽ ይጨምሩብንና እንረፍ።»

ሳቄ መጣ፤ ግን ፊታቸውን ሳይ ዋጥኩት። ከማልን አየሁት። ከማል ደግሞ ጣራ ጣራውን ያያል። አልፈልግም ብል እነዚህ ሰዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሊሄዱ ነው። እናም ጨመርኩባቸው። ጥቂት፤ ጨመረች ለመባል ያህል ብቻ። ጋሽ ሙሄ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ፣ ዘሃራ ጉንጬን ሳመችኝ፣ እየሳቁ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው፤ ልጆቻቸውንም እዚያው ቤት እያሳደጉ ነው።

ሰላም ያጣሁት እኔ ነኝ። ወሬው በሳምንቱ ከሚሴን አዳረሰ፤ ከማልን ሎግያ ድረስ ተከትሎት ሄዷል። «ግድግዳ ወድቆባቸው ሳለ ኪራይ ጨመረችባቸው!» ገበያ ስወርድ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። የአስተማሪዎች ክፍል ስገባም ያቆማሉ። ጋሽ ሙሄ፣ አላህ ይስጣቸው፣ ለጠየቃቸው ሁሉ «ለምኜያት ነው የጨመረችብኝ» እያሉ ይምላሉ። ሰዉም ከንፈሩን ይመጥና «ምስኪን፣ እንዴት ብታስፈራራው ነው!» ይላል።

እናንተስ ታምኑኛላችሁ? ተዉት፣ አትመልሱልኝ። እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን እኔን አላምንም ነበር።